በአፍ የተሞከረ መፍቻ

ይህ የምነግራችሁ ነገር ከእግሩ እስከ ራሱ እውነት ነው። ውሸት ከሆነ አርባ አራቱ የጎንደር ታቦታት በየተራቸው ይፍረዱብኝ፤ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ ያሉት መላእክትም በዚያ ትልልቅ ዐይናቸው ያፍጥጡብኝ። ሳወራ ሰው ከሦስት ቃሌ አንዱን ብቻ እየመረጠ እንደሚያምነኝ አውቃለሁ። አልቀየምም፤ ያስለመድኳቸው እኔ ነኝ። ይህን ግን ሙሉውን ውሰዱት። ደስ የሚል ነገር ስለሌለበት ለመዋሸትም አያጓጓም።

አለምነህ መካኒኩ ያን ቀን ጠዋት ወደ እህቱ ክፍል የገባው ለትከሻው የሚቀባውን ቅባት ፍለጋ ነበር። እህቱ እቴነሽ ጡረታ የወጣች ነርስ ናት፤ ሰፈሩ እስከ ዛሬ "ሲስተር" ነው የሚላት። ቅባት፣ ፋሻና ተግሣጽ ከእሷ ቤት ጠፍቶ አያውቅም። ግቢው የአባታቸው ነው። ከፊት በመንገዱ በኩል አለምነህ የከባድ መኪና ጎማ የሚፈታበት በዘይት የጠቆረ ሜዳ አለ፤ ከኋላ ደግሞ በቆርቆሮ አጥር ተለይታ የእሷ አንዲት ክፍል አለች። አንኳኳ፣ መልስ የለም፣ ገባ። አልጋው ተነጥፏል፤ አንሶላው እንደ ሆስፒታል አልጋ ማዕዘኑ ታጥፎ እንደ ከበሮ ተወጥሯል፤ ትራስ ግን የለበትም። ጎንበስ ሲል ትራሱን አየው። ከአልጋው ስር፣ ሰሌን ላይ፣ ሰው እንዳደረበት መሐሉ ጎድጉዶ ተቀምጧል። አጠገቡ የንባብ መነጽሯ፣ አንድ ኩባያ ውሃ፣ ግማሹ የተላጠ ነጭ ሽንኩርት በሰሃን። ቤት ውስጥ ሌላ ቤት ተሠርቷል፤ ጣሪያው የአልጋ ሽቦ የሆነ።

እቴነሽ ከጓሮ ጀሪካን ይዛ ስትገባ እንደጎነበሰ ደረሰችበት። ክርኗና የነጠላዋ ጫፍ ላይ አቧራ አለ። ዕድሜዋን ሙሉ ነጭ ገዋን ለብሳ ስትሠራ አንዲት ነጠብጣብ ያልታየባት ሴት ናት።

"ወገቤን መሬቱ ይሻለዋል" አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት።

"መሬትማ ሸጋ ነው" አለ አለምነህ። "ቅባቱ የት ነው፣ እታለም?"

"ከመስኮቱ።"

ወስዶ ወጣ። ዝምድና ማለት እንዲህ ነው፤ ሁለት ሰው አንድ ነገር ላይ ዐይኑን ተክሎ ስለ ቅባት ያወራል።

የትራሱ ነገር የመጣው ከትናንቱ ነው። የአለምነህ ቀኝ ትከሻ አልቋል። የከባድ መኪና ጎማ የያዘ ዳዶ በእጅ የሚፈታው መፍቻው ጫፍ ላይ የሰው ቁመት የሚያህል ቱቦ ተሰክቶ፣ ሰውየው በቱቦው ላይ በሙሉ ክብደቱ ተንጠልጥሎ ነው። ጢሙ ሳይበቅል የጀመረው መንጠልጠል አሁን ሽበቱ ላይ ደርሶ ትከሻውን በልቶታል። በቤተ ክርስቲያን በር ሲያልፍ ቀኝ እጁን በግራ እጁ ደግፎ እያነሳ ነው የሚያማትበው፤ የማያውቁት "እንዴት ያለ ትሑት ሰው ነው" ይሉታል። ሐኪሙ ቁርጡን ነግሮታል፤ ወይ ይህን ሥራ ተው፣ ወይ መሣሪያ ግዛ፣ አለዚያ ማንኪያ ወደ አፍህ አታደርስም። አለምነህ ሌላ ሥራ አያውቅም። ለጎማ መንፊያ የሚሆን ኮምፕሬሰር ግን አለው። የጎደለው ከኮምፕሬሰሩ ቱቦ ጫፍ ላይ የሚሰካው፣ ቃታውን ሳብ ሲያደርጉት በአየር ግፊት እየመታ ዳዶ የሚፈታው የአየር መፍቻ ነው። እናም ትናንት ከአዘዞ ከአንድ ጋራዥ ለሙከራ ተውሶ አመጣ። አንድ ጊዜ ብቻ ሳበው። ድርርርርርር አለ።

በሌላ አገር ይህ የጎማ ጥገና ድምፅ ነው። በእኛ ከተማ፣ በእኛ ጊዜ፣ ሌላ ነገር ነው። ከመንገዱ ማዶ ሳሙናና ዘይት የምትሸጠው ነጃት የብረት መዝጊያዋን እስከ ታች ደረገመችው፤ ደንበኛዋን ከውስጥ መቆለፏን ያወቀችው ሴትዮዋ ስትጮህ ነው። ቁልቁል ይመጣ የነበረ ባጃጅ ባለበት ዞሮ ሽቅብ ተፈተለከ፤ ተሳፋሪዎቹ የት እንዳደሩ እስከ ዛሬ አልተሰማም። የጎረቤት ዶሮ ልትጥለው የጀመረችውን እንቁላል መልሳ ወደ ውስጥ አስገባችው። ይህን በዐይኔ አይቻለሁ። እቴነሽ ደግሞ ከአልጋ ስር ገባች፤ ለራት ስትጠራም "ጠግቤአለሁ" የሚል ድምፅ ከወለሉ መጣ። ባለፈው ክረምት በአንድ ማለዳ፣ እሷ ኪዳን ለማድረስ በሄደችበት፣ ጣሪያውን በስቶ የገባ ነገር አልጋዋ ላይ ከትራሱ ጎን ተቀብሮ ተገኝቷል። ማን እንደተኮሰው አልታወቀም፤ የጠየቀም የለም። አለምነህ ቀዳዳውን በቅጥራን ደፈነው፣ እሷ አንሶላውን አጥባ አሰጣችው፤ ከዚያ ወዲያ ስለዚያ ቀን በዚያ ግቢ አንድ ቃል አልተነገረም።

እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነው። በእጁ ከፈታ ትከሻው ይቀራል፤ በአየር ከፈታ እህቱ ከአልጋ ስር ትቀራለች። እሱ ሌላ ሥራ የለውም፣ እሷም ሌላ ቤት የላትም። ቅባቱን ተቀብቶ፣ ጃኬቱን በግራ እጁ እየጎተተ ለብሶ፣ ድምፁ የማያስደነግጥ የአየር መፍቻ ፍለጋ ወደ አራዳ ወጣ።

ዳኛው የሚባል ነጋዴ የከፈተው የመለዋወጫና የመሣሪያ ሱቅ እንደ ጉሮሮ ጠባብና ረጅም ነው። ከበሩ እስከ መጨረሻው ግድግዳውን መፍቻ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴና ክሪክ ሞልቶታል፤ ከኋላ ደግሞ የዘይት በርሜሎች ተደርድረዋል። ዳኛው ወፍራምና ወሬኛ ነው፤ አለምነህን ከድሮ ጀምሮ ያውቀዋል፤ ከሱቁ ባዶ እጁን የወጣበትን ቀን ግን አያስታውስም። መካኒክ ደግሞ ሱቅ ውስጥ አይቸኩልም። አለምነህ ቡሶላውን፣ ማለት የዳዶውን ራስ የሚውጠውን ቆብ፣ አንድ በአንድ እያነሳ በመዳፉ ይመዝናል፣ በጥፍሩ ይመታና ወደ ጆሮው ያስጠጋል። ባለ ነብር ምልክቱ እንደ ሙሽራ ያብለጨልጫል፤ ብረቱ ግን ስስ ነው፤ በእጅ ለሚሠራ ይበቃል፣ የአየር ምት ሲያርፍበት ግን ይሰነጠቃል። ጥቁሩ ፊቱ አያምርም፤ ብረቱ ግን ወፍራም ነው፣ ዱላ የለመደ በሬ ይመስላል። ውስጡ ብዙ ጥርስ ያለው ቶሎ ይገባል፤ የዛገ ዳዶ ሲገጥመው ግን ይንሸራተትና ማዕዘኑን አድበልብሎ ይበላዋል። ስድስት ማዕዘን ብቻ ያለው ለመግባት ይግደረደራል፤ አንዴ ከያዘ ግን አይለቅም። ስለ አገሩ የሆነ እንደሆነ፣ በጎንደር መካኒኮች ዘንድ የማይሰበር መፍቻ ሁሉ ጀርመን ነው፣ የተሰበረ ሁሉ ቻይና ነው። ጀርመን የሚል የተቀረጸበት ለሁለት ተከፍሎ፣ ቻይና የሚል የተቀረጸበት የልጅ ልጅ ቢያይ እንኳ ፍርዱ ይግባኝ የለውም።

"አንተ ሰው፣ መፍቻ ነው የምትመርጠው ሚስት?" አለ ዳኛው።

"ሚስትማ ሳልመርጥ ነው ያገባሁት። ለዚያ ነው የሄደችው።"

"እሷ እኮ ነች የመረጠችው፤ ሌላ ሰው!" ብሎ ዳኛው ሆዱ እስኪናወጥ ሳቀ። አለምነህም ትንሽ ፈገግ አለ፤ ቀልዱ የቆየ ስለሆነ አያምም። ቀጥሎ መደርደሪያው ላይ ወደተደረደሩት የአየር መፍቻዎች ዞረ። ባለ ቀይ እጀታ አለ፣ ባለ ኮከብ አለ፣ አንገተ ረጅም አለ፣ ከጥግ ደግሞ ታይዋን ነው የሚባል አረንጓዴ አለ። ዳኛው የእያንዳንዱን ጉልበት ሊዘረዝር አፉን ሲከፍት አለምነህ አቋረጠው።

"ጉልበቱን ተወው። ድምፁን አሰማኝ።"

"ምን?"

"ከኮምፕሬሰርህ አገናኝና ሳበው። ልስማው።"

ዳኛው ወደ በሩ ዐይኑን ወርወር አደረገና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አራዳ መሐል? ልታስፈጀኝ ነው? ከጥር ወዲህ እዚህ ሱቅ ውስጥ የአየር ዕቃ በአየር ተሞክሮ አያውቅም።"

"እና ሰው እንዴት ይገዛል?"

"በአፍ ነዋ!"

ዳኛው ከጠርሙስ ውሃ ተጎነጨ፣ እንደ መሪጌታ ጉሮሮውን ጠረገ። ባለ ቀዩን አንስቶ ወደ ግድግዳ አነጣጠረና "ጠጠጠጠጠጠጠ!" አለ። በበሩ የምታልፍ ሴት ጃንጥላዋን ጥላ ከግድግዳ ተለጠፈች። "ይኼ አይሆንም" አለ አለምነህ። ባለ ኮከቡ "ድም፣ ድም፣ ድም" የሚል፣ በረጅሙ የሚተነፍስ ከባድ መሣሪያ ነው፤ ይኼማ ከሁሉም የባሰ ነው፣ በእቴነሽ ጆሮ ከሩቅ ተራራ የሚመጣው ዓይነት ነው። አንገተ ረጅሙ "ድግድግድግድግ" አለ፤ እንደሚገሠግሥ ፈረስ፤ በእርግጥ ፈረስ አያስደነግጥም፤ ግን የሚያባርረው ማን ነው ያሰኛል። በመጨረሻ ዳኛው አረንጓዴውን በሁለት እጁ ታቀፈ፣ ዐይኑን ጨፈነ፣ ከንፈሩን ገጥሞ "እርርርርም… እርርርርም…" አለ። ቀፎ ውስጥ ያለ ንብ ነው። ሌሊት ዳዊት የሚደግም ሽማግሌ ቄስ ነው። አለምነህ ትከሻው ሲላላ ተሰማው።

"ድገመው።"

ደገመው።

"ይኼ ከቅርብ ነው። ከሩቅስ? ከአጥር ወዲያ ያለ ሰው እንዴት ይሰማዋል?"

ዳኛው ነጋዴ ነው፤ የገዢን ልብ አያሳዝንም። መፍቻውን ታቅፎ እስከ ሱቁ መጨረሻ ሄደ፣ ከዘይት በርሜሎቹ ጀርባ ቁጭ አለና "እርርርም…" አለ። ከዚያ ሲመለስ ላብ አልቦታል።

"ከአልጋ ስርስ?" አለ አለምነህ።

ዳኛው ሊስቅ ጀምሮ የሰውየውን ፊት አየና ሳቁን ዋጠው። ሁለት መዳፉን አፉ ላይ ደርቦ፣ አጎንብሶ፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ እንደ እሽሩሩ፣ "እምምም…" አለ።

"ዋስትናውስ?" አለ አለምነህ።

"አፌ ነው ዋስትናው።"

ዋጋውን አልነግራችሁም፤ አለምነህ ለእህቱም አልነገራትም። አረንጓዴውን ከአንድ ጥቁር ቡሶላ ጋር በጆንያ ጠቅልሎ፣ እንደ ታመመ ልጅ በግራ ትከሻው፣ በጃኬቱ ስር፣ አዝሎ ቁልቁል ወረደ። ፋሲል ግቢን አጥር አጥሩን ይዞ ሲሄድ ጆንያው በጃኬቱ ስር ስለጎበጠ ሰዎች አተኩረው ያዩታል፤ አንዳንዶቹ መንገድ ይለቁለታል። ከዚያ በኋላ መፍቻውን ከጆንያው አውጥቶ ለሁሉም እንዲታይ በእጁ ይዞት ሄደ፤ ይኼ ደግሞ ባሰ። መልሶ ጠቀለለው። ቤቱ ሲደርስ ደክሞታል፤ ገና ግን ሥራ አልጀመረም።

ሜዳው ላይ ከኮላ ድባ ሽምብራ ጭኖ የመጣ መኪና ጭነቱን አራግፎ፣ የኋላ ጎማው ተኝቶ ይጠብቀዋል። ሾፌሩ ምስጋናው የደምቢያ ልጅ ነው፤ ፊቱ በፀሐይ የበሰለ፣ ዝም ማለት የማይችል። "አያ አለምነህ፣ ምነው ጠፋህ? ከሰዓት መንገዱ ሳይዘጋ ካልወጣሁ ማደሬ ነው፤ ማደር ደግሞ አልወድም" አለ። የትኛው ጎሚስታ በምን ቂም እንዳጠበቃቸው አይታወቅም፤ ዳዶዎቹ ዝገው ከቸርኬው፣ ጎማው ከሚታሰርበት ብረት፣ ጋር አንድ ሆነዋል። አለምነህ ጆንያውን አልፈታም። የድሮውን መፍቻ አወጣ፣ ቱቦውን ሰካ። ምስጋናው ቱቦው ላይ ወጥቶ ዘለለ፤ ቱቦው እንደ ቀስት ጎበጠ፣ ዳዶው ግን ንቅንቅ አላለም። እንደገና ሲዘል መፍቻው ዳዶውን ስቶ ምስጋናውን ከዘይቱ ላይ ዘረጋው፤ የአንዱ ዳዶ ማዕዘንም ተላጠ። አለምነህ ራሱ ተንጠለጠለ፤ ትከሻው ውስጥ እንደ ደረቅ እንጨት ቅጭ ያለ ነገር ተሰማና ዐይኑ ላይ ከዋክብት ወረዱ። መኪናው ጎን ላይ ተደግፎ ቆየ። ከዚያ ጆንያውን ፈታው።

አረንጓዴውን ከኮምፕሬሰሩ ቱቦ ጋር አገናኘ፣ ጥቁሩን ቡሶላ ሰካ፣ ዳዶው ላይ አስገባ። ኮምፕሬሰሩ ሲሞላ ቀጭ ብሎ ቆመ። ፀጥ አለ። አለምነህ ጣቱን ቃታው ላይ አድርጎ ቆመ፤ ቆሞ ቀረ። ዐይኑ ከኋላ ያለው የቆርቆሮ አጥር ላይ ነው።

"ምነው፣ ልትጸልይበት ነው?" አለ ምስጋናው።

ነጃት ከማዶ የሱቋን መዝጊያ ግማሽ ድረስ አውርዳ፣ አንገቷን ከስሩ አውጥታ ትጠብቃለች። "አለምነህ! ልትጀምር ከሆነ ንገረኝና ልዝጋው! ትናንት የቆለፍኩባት ሴትዮ ወላሂ ዛሬ ሳሙና ልትገዛ ማዶ ሄደች!"

አጥሩ ተከፈተና እቴነሽ ወጣች። ክርኗን አጥባለች። ጣቶቿ ነጭ ሽንኩርት ይሸታሉ።

"ገዛኸው?"

"ገዛሁት።"

"ምን ይገትርሃል ታዲያ?"

"ምንም። ይኼኛው ለስላሳ ነው፣ እታለም። ዳኛው አሰምቶኛል።"

"በምን አሰማህ?"

አለምነህ ቀና ብሎ አላያትም። "በአፉ።"

"እስቲ አሰማኝ።"

እና ያ ሽበታም ሰው፣ ሾፌሩ እያየው፣ ነጃት ከመዝጊያ ስር እያየችው፣ ከንፈሩን ገጥሞ "እርርርም…" አለ። ምስጋናው ፊቱን ወደ መኪናው አዞረ፤ ጀርባው ይንቀጠቀጣል። እቴነሽ አልሳቀችም። የበሽተኛ ትንፋሽ እንደምታዳምጥ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ሰማችው።

"እሱ ንብ ነው" አለች። ቀጠለች፤ ለእሱ ሳይሆን ለጎማው የምትናገር ትመስላለች። "ያን ሁሉ ዘመን ሰው ወግቻለሁ። የሚጮኸው ማን መሰለህ? መርፌው የተሰወረበት ነው። 'አሁን ነው' ካልኩት ትልቁም ትንሹም ጥርሱን ነክሶ ዝም ይላል። ያ በጣሪያው የገባው ግን ማን ነገረኝ? ማንም 'አሁን ነው' አላለኝም።"

ካለፈው ክረምት ወዲህ ስለዚያ ቀን የተናገረችው ይኸው ብቻ ነው። ሜዳው ጥግ ወይራው ላይ፣ ቱቦ የሚጠቀለልበት አሮጌ ቸርኬ በሰንሰለት ተንጠልጥሏል። መሬት ላይ ከተበተኑት ዕቃዎች መዶሻውን አነሳች፣ ነጠላዋን ወደ ኋላ ወረወረችና ቸርኬውን በሙሉ ክንዷ መታችው። ደንንንን አለ፤ ድምፁ በሰፈሩ ላይ ተንከባሎ እስከ ታች ወንዙ ድረስ ወረደ። ደገመችው። ሠለሰችው።

ሐሳቡ ሸጋ ነበር። እንዳትደነግጡ፣ አሁን የምትሰሙት አለምነህ ነው ለማለት ነው። ሰፈሩ ግን ከሰዓቱ ውጭ የተመታ ደወል የሚያውቀው ለአንድ ነገር ብቻ ነው። መጀመሪያ የመጡት የእድሩ ሰብሳቢ አያ መልካሙ ናቸው፤ በምርኩዛቸው እየዘለሉ፣ ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው፣ ፊታቸውን አጨፍግገው። ከኋላቸው ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች፣ ከሴቶቹ ኋላ ድንኳን መትከያ እንጨት የያዘ አንድ ጎልማሳ። አንዲቱ "ወይኔ ሲስተር!" ብላ ከበሩ ጀምራ እያለቀሰች ገባች፤ ሲስተር መዶሻ ይዛ ቆማ ስታያት ለቅሶዋን መሐል ላይ ቆረጠችው።

"ማን ነው?" አሉ አያ መልካሙ።

"ማንም አልሞተም፣ አያ መልካሙ። ዳዶ ልንፈታ ነው።"

"ለዳዶ ደወል?"

"እንዳትደነግጡ ብዬ ነው።"

"በምን ደነገጥን? በደወልሽ ነው እኮ የደነገጥነው!"

ነጃት መዝጊያዋን ወደ ላይ ከፍ አድርጋ ሳቋን ለቀቀችው። የመጡት ግን አልተመለሱም። ለቅሶ ብሎ የወጣ ሰው ባዶውን ወደ ቤቱ አይመለስም፤ ቢያንስ የሚሆነውን አይቶ ይሄዳል። መኪናውን ከበቡት። ልብሳቸውን እንዳዘቀዘቁ፣ እጃቸውን እንዳጣመሩ፣ ያን የተኛ ጎማ እንደ ሬሳ ሣጥን እያዩ ቆሙ። ምስጋናውም ሳይታወቀው ኮፍያውን አውልቆ ያዘ።

እቴነሽ ቸርኬውን አንዴ መታችው። "አሁን ነው" አለች።

አለምነህ ሳበው። ድርርርርርርር! የዳኛው አፍ ውሸታም ነበር። ንብም አይደለም፣ ዳዊትም አይደለም፤ የትናንቱ ራሱ ነው፣ እንዲያውም ከትናንቱ ይብሳል። ከለቀስተኞቹ አንዱ ቁጢጥ አለ፣ አያ መልካሙ ምርኩዛቸውን እንደ ጠመንጃ ያዙት። የሮጠ ግን የለም። እቴነሽ መዶሻውን እንደጨበጠች ቸርኬውን አቅፋ ተጣብቃበታለች፤ ዐይኗ ተጨፍኗል፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ቸርኬው ገና ይርገበገባል፣ እሷም ከእሱ ጋር ትርገበገባለች። ድምፁ ቆመ። ዳዶው ለቋል። አለምነህ ዞሮ አያት። አንድ ዐይኗን ገለጠች።

"ቀጣይ" አለች፣ በመርፌ ክፍሉ ድምፅ።

እንዲህ እያሉ ፈቱት። ደንን፣ "አሁን ነው"፣ ድርርርር፣ "ቀጣይ።" የተላጠው ዳዶ እንኳ ስድስት ማዕዘኑ ጥቁር ቡሶላ ይዞት ወጣ። መሐል ላይ ነጃት ራሷ ከማዶ "አሁን ነው!" እያለች መቀበል ጀመረች። የአለምነህ ትከሻ አልታመመም፤ እጁ ደንዝዟል እንጂ አልታመመም። ጎማው ተለውጦ ምስጋናው ሞተሩን ሲያስነሳ ፀሐይዋ ገና አላዘነበለችም፤ "ሲስተር፣ ለሞቴም እንዲህ አድርገው ይምቱልኝ!" ብሎ ጮኾ ወጣ። ሰዎቹ ነጠላቸውን አስተካክለው በየቤታቸው ተበተኑ። አያ መልካሙ ብቻ ቆም ብለው፣ "ከእንግዲህ ለዳዶ አንዴ፣ ለሰው ሦስቴ ይሁን፤ እንለይበት" ብለው ደነገጉ። እስከ ዛሬ በዚያ ሰፈር ሕጉ ይኸው ነው።

እቴነሽ ግን ከቸርኬው አልተላቀቀችም። መዶሻውን ልታስቀምጠው ትፈልጋለች፣ ጣቶቿ አልፈታ አሏት። አለምነህ አጠገቧ ሄዶ፣ በዘይት በጠቆረ እጁ፣ ጣቶቿን ከመዶሻው እጀታ ላይ አንድ በአንድ ፈታቸው። ሲጨርስ "ቅባቱን ማታም ተቀባ" አለችው። "እሺ" አለ። እሷ ወደ ጓዳዋ፣ እሱ ወደ ዕቃዎቹ ሄዱ።

ከሰዓቱ እንደ ሁልጊዜው ከሰዓት አለፈ። አንድ ባጃጅ ጎማ ሊያስነፋ መጣ፣ መብራት ጠፋ፣ መጣ። አለምነህ ዕቃዎቹን በጋዝ እያጠበ ሲሰበስብ የጎደለ መሰለው፤ ሊቆጥር ግን ደከመው። ፀሐይዋ ልትገባ ስትል ቅባቱን ሊመልስ ወደ እህቱ ክፍል ሄደ። እቴነሽ ጓሮ ነበረች። አልጋው እንደ ጠዋቱ ተወጥሮ ተነጥፏል፤ ትራሱም ከራስጌው ላይ፣ ንጹሕ ልብስ ለብሶ፣ በቦታው ተቀምጧል። አለምነህ ቅባቱን ከመስኮቱ አኖረና በሩን ገጠም አድርጎ ወጣ።

ታሪኩ ይኸው ነው። ዶሮዋ እውነት ናት፤ እንቁላሏን በማግስቱ ጣለችው። ለቀስተኞቹ እውነት ናቸው፤ ካላመናችሁኝ አያ መልካሙን ሄዳችሁ ጠይቁ። ዳኛው መዳፉን አፉ ላይ ደርቦ "እምምም" ማለቱም እውነት ነው። አንዲት ነገር ብቻ ከራሴ ጨምሬበታለሁ፤ ስለማልኩ ልናገር። ትራሱን ከሰሌኑ ወደ አልጋው ያወጣሁት እኔ ነኝ። እዚያ ላይ ሳስቀምጠው አማረብኝ። ያን ምሽት አለምነህ ሲገባ አልጋው ባዶ ነበር፤ ጎንበስ ሲል ትራሱ እዚያው ሰሌኑ ላይ ነው፣ ከአጠገቡም መዶሻው ተጋድሟል። እስካሁንም እንደዚያው ነው። ጠዋት ጠዋት ጎንበስ ብሎ መዶሻውን ከዚያ ይወስዳል፤ ማታ ማታ እሷ ከሜዳው አንስታ ወደ ቦታው ትመልሰዋለች።